አለኸኝ የለም

ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፤ ከሽምብጥ ወዲህ ከሐይቁ ጥግ፣
በቆርቆሮ ክፍል እኔና አንድ አሮጌ ማሽን ስንፈላለግ።
ሥራው ቀላል ነበር፦ የጣናን ከፍታ
በየሩብ ሰዓቱ መመዝገብ፣ ጠዋት ማታ።
ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤
ማሻሻያ መጣ ሲለኝ «እሺ» አልኩት፣ እንቅልፍ ይዞኝ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት ፓኬጅ፣
አንዱ አንዱን እየጠራ፣ ሠርገኛ እንደሞላው ደጅ።
ከሁሉም በላይ አዲሱ ከርነል፣ በገዛ እጄ የገነባሁት፣
የአለኸኝን ማዋቀሪያ ቀድቼ፣ «ይቅለል» ብዬ የነካካሁት።

አጥፍቼ አስነሣሁት።
ጥቁር መስኮት። ነጭ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ እየወረደ፣
ከዚያ ቀጥ፦ የሥር ማውጫው አልተገኘም። ከርነሉ ደነገጠ።
ደነገጥኩ ነው የሚለኝ፤ በቃ፣ እንደ ሰው።
የደነገጠን ሰው ውኃ ይረጩታል፤ ይህን ምን ላድርገው?

ማዋቀሪያውን የጻፈው አለኸኝ ነው፤ አለኸኝ ግን የለም፤
ሰመራ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።
ስድስት ሺህ መስመር ትቶልኛል፣ አንድ ማብራሪያ የሌለው፣
የቱን ለምን እንደመረጠ፣ የቱን ለምን እንደጠላው።
እናቱስ «አለኸኝ» ብለው ይጥሩት፣ መጦሪያቸው ነው፣ አላቸው፤
እኔ በዚህ ሌሊት ስጠራው «አቤት» የሚለኝ ማነው?

ውጭ ጉማሬ ሣር ይግጣል፤ ይሰማኛል፣ ሲነጭ፣ ሲያላምጥ፣
ጋሽ ያዛቸው ዘበኛው «እንዳትወጪ» ይላል፣ ሲነሣ ሲቀመጥ።
«ደግሞ ምን ሆነ?» አለኝ በመስኮት አጮልቆ።
«ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን ዘጋው» አልኩት።
«ደንገሉ ማዶ የቀረበት ታንኳ ሠሪ በይኛ!
በምን ተሻግሮ ያምጣው?»
ሣቀና ሄደ።
እንዲገባው ብዬ ያልኩት፣ እሱ ሲመልስልኝ ለእኔ ገባኝ።

እውነትም ማዶ ነው የቀረው! ዲስኩን የሚያነብበው ነገር
እዚያው ዲስኩ ላይ ተኝቷል።
አለኸኝ ከሆዱ ውስጥ አብሮ የገነባውን
እኔ «ሞጁል ይሁን» ብዬ ነጥዬ አወጣሁት፤
አንዲት ፊደል።
የመነሻ ስንቅም አልቋጠርኩለት፤
ባዶ እጁን ነው መንገድ የላክሁት።

እንደገና አስነሣሁት፣ ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሣ።
ዝርዝሩ መጣ፤ አዲሱ ከላይ፣
ከሥሩ ደግሞ አንድ፣ አይቼው የማላውቀው፣
ማሻሻያው አሮጌውን ሁሉ ጠርጎ ሲያወጣ
አለኸኝ እንዳይነካ አስሮት የሄደ፣
ከቁጥሩ ኋላ በላቲን ፊደል ጅራት የቀጠለለት፦
አለሁ።

ተነሣ። ኔትወርኩን አያውቀውም፣ ካርዱ አምና ነው የተቀየረው፤
ግን ተነሣ። አንዷን ፊደል መለስኩ። ግንባታው ጀመረ።
አጋማሹ ላይ መብራት ጠፋ።
ዩፒኤሱ ሲጮህ ከሐይቁ ዳር እንቁራሪቶች መለሱለት፣
ወገን መስሏቸው።
እኔ መቶኛውን እያየሁ፣ ባትሪውን እያየሁ፣
በልጅነቴ የተውኩትን ጸሎት ከመሃሉ ጀምሬ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ገባ።
አምባዛ የጫነች ጀልባ ወደ ወደቡ ስትዞር አየሁ።
መዝገቡ ላይ ከሰባት እስከዚህ ባዶ ነው፤
ጣና እኔን አልጠበቀም፣ በፀጉር ስፋት ከፍ ብሏል፣
ያቺ ፀጉር በየትኛው ሩብ ሰዓት እንደመጣች
ከእንግዲህ የሚነግረኝ የለም።

ማዋቀሪያው አናት ላይ ጻፍኩ፦
«ይህችን መስመር አትንኳት። ከነካችኋት ስንቅ ቋጥሩ።
ሁሉም እምቢ ካለ፣ ከሥር ያለውን ምረጡ።»
ስሜን ልጨምር አሰብኩና ተውኩት።

ጋሽ ያዛቸው ጋቢውን አጣጥፎ ሊወጣ ሲል፣
«አገኘሽው?» አለኝ።
ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።
«አለ» አልኩት።